ተዘቅዝቃ የሄደችው ልጅዎ ለምን አልወደቀችም?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ደሴ ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 68 ነው። ወጣትነቴን በአሰብ መንገድ ተሳቢ ስነዳ ጨረስኩ። ልጄ አቡዳቢ ነው የምትሠራው። ለዒድ እረፍት ከጓደኞቿ ጋር መዝናኛ ፓርክ ሄዳ ቪዲዮ ላከችልኝ። ብረት ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር ነገር ነው። ሽቅብ ሲወጣ ኳ ኳ ኳ ይላል፤ የሆነ ዕቃው የተሰበረ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቁልቁል ይወረወርና ቀለበት ውስጥ ገብቶ ሰውን ዘቅዝቆ ያልፋል። እግሯ ወደ ሰማይ፣ ጭንቅላቷ ወደ መሬት! እናቷ ይህን አይታ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ሁለት ነገር ንገረኝ። እዚያ ላይ የያዛት ያ ቀበቶ ብቻ ነው? ተዘቅዝቀው ሳሉ መብራት ቢጠፋስ?»

ጋሼ፣ አብሽሩ። እናቷንም አብሽሪ ይበሉልኝ።

ልጅዎን ቀለበቱ አናት ላይ የያዛት በዋናነት ቀበቶው አይደለም። የባቡሩ ፍጥነትና የቀለበቱ ቅርፅ ነው። መብራት ቢጠፋም ባቡሩ ቀለበቱን ጨርሶ ይወጣል። እዚያ ውስጥ መብራት የሚሠራው ሥራ የለማ! እኔ ኮምቦልቻ ያደግሁ መካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ባሕረ ሰላጤው አገር በአንድ መዝናኛ ፓርክ የጥገና ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጠያቂዬ ሾፌር በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ይህን ማሽን ከሾፌር ቀድሞ የሚገባው ሰው አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ ይህን ይያዙልኝ። ሮለር ኮስተር የሚባለው ያ ባቡር ሞተር የለውም። ናፍጣ የለው፣ ባትሪ የለው። ከጣቢያው ሲወጣ አንድ ረጅም ሰንሰለት ከሥሩ ይነክሰውና ዳገቱን ይጎትተዋል። አናቱ ላይ ሲደርስ ይለቀዋል። በቃ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ፣ ቀለበቱም ጥምዝምዙም፣ በዚያ ከፍታ ጉልበት ነው የሚያልቀው። በሰንሰለት ፋንታ በማግኔት ወይም በሃይድሮሊክ የሚወነጨፉም አሉ። እዚያው አቡዳቢ ያለው ፎርሙላ ሮሳ እንደዚህ ተወንጭፎ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እሱ ግን ቀለበት የለውም፣ ሰው አይዘቀዝቅም። ልጅዎ የወጣችበት በሰንሰለት የሚጎተተው ዓይነት ነው፤ ኳ ኳ የሚለው ድምፅ ነግሮኛል። ወደ ድምፁ እመለሳለሁ።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ያስቡ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ሐረጎ ላይ ማርሽ ዜሮ አድርጎ የለቀቀ ሾፌር ምን እንደሚገጥመው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ፍሬን የለም፣ ነፋስ የለም፣ ሰበቃ የለም እንበልና 600 ሜትር እንውረድ። ታች ስንደርስ ፍጥነታችን በሰዓት ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሮለር ኮስተሩ ይህን ያህል አያስፈልገውም። 25 ሜትር ብቻ ቢወርድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሞላል። ለአንድ መካከለኛ ቀለበት ይበቃዋል።

«የተጫነ መኪና ግን ከባዶው ይብሳል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፤ የሚብሰው ግን ለፍሬኑ ነው። ነፋስና ሰበቃን ካልቆጠርን ጭነት መኪናውን ቶሎ እንዲወርድ አያደርገውም። ፍሬኑ አቃጥሎ መጨረስ ያለበትን ጉልበት ነው የሚያበዛው። ለዚህ ነው ግማሽ የሞላ ባቡርም ጢም ያለ ባቡርም ያንኑ ቀለበት የሚያልፈው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለምን አትወድቅም?

ልጅ ሆኜ ጥቅምት ላይ፣ ማሽላው ሲያሸት፣ አያቴ ዘንድ ቃሉ ወረዳ እሄድ ነበር። ማማ ላይ ቆመን ወፍ እንጠብቃለን። ወንጭፍ በእጃችን ነው። አንዳንዴ ሥራ ስንፈታ ወንጭፉን በጎናችን፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እናሽከረክረዋለን። ድንጋዩ አናታችን ላይ ሲደርስ የወንጭፉ ኪስ ተደፍቷል። ድንጋዩ ግን አይወድቅም። ማንም በቀበቶ አላሰረውም።

ድንጋይ ከተወረወረ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። ገመዱ ነው የሚያጎብጠው። አናት ላይ ሲደርስ የመሬት ስበት አልተወውም፤ እየሳበው ነው። ነገር ግን ገመዱ ከስበቱ በላይ ወደ ታች እየጎተተው ስለሆነ፣ ድንጋዩ ከኪሱ ቀድሞ ሊወድቅ አይችልም። ኪሱ ይቀድመዋል። ስለዚህ ድንጋዩ ኪሱ ላይ እንደተጫነ ይቆያል። ቀስ ብለው ካሽከረከሩት ግን ኪሱ ይዘገይና ድንጋዩ አናትዎ ላይ ይመጣል። እኔ ይህን በራሴ ላይ ሞክሬ አይቻለሁ፤ አያቴ ቅቤ ቀብታልኛለች።

ልጅዎ ድንጋዩ ናት። ወንበሩ የወንጭፉ ኪስ ነው። ሐዲዱ ገመዱ ነው። አናት ላይ ባቡሩ በበቂ ፍጥነት እስከሄደ ድረስ ወንበሩ ከኋላዋ ይገፋታል እንጂ አይለቃትም። ግማሽ ስፋቱ 10 ሜትር የሆነ ክብ ቀለበት አናቱ ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ባጃጅ የሚደርስበት ፍጥነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ከሥራዬ ሁሉ የምወደውም ይህን ነው። አናት ላይ 36 እንዲቀርለት፣ ቀለበቱ ሥር ሲገባ 80 ይዞ መግባት አለበት። ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ ይበላላ! በ80 ገብቶ ወዲያው ክቡን መታጠፍ ሲጀምር ደግሞ ሰውየው በወንበሩ ላይ ይጨፈለቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ፍጹም ክብ በሆነ ቀለበት ሥር ክብደትዎ ስድስት እጥፍ ይሆናል፣ ቀለበቱ ቢተልቅም ቢያንስም። ስልሳ ኪሎ የምትመዝን ልጅ 360 ኪሎ ትሆናለች። ሦስት ኩንታል ተኩል ጤፍ በአንድ ጊዜ ትከሻዋ ላይ ወረደ ማለት ነው። የሚወርደውም ቀስ በቀስ አይደለም። ቀጥ ያለው ሐዲድ አልቆ ክቡ ሲጀምር፣ ዱብ!

ሰዎች ይህን በአንገታቸው ተምረዋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርዎ። በ1895 ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ ፍሊፕ ፍላፕ የሚባል ቀለበት ያለው ባቡር ተከፈተ። ቀለበቱ ክብ ነበር። ብዙ ተሳፋሪ አንገቱንና ጀርባውን ይዞ ነበር የሚወርደው። በ1901 እዚያው አካባቢ ሌላ ሰው ቀለበቱን ሞላላ አድርጎ ሠራው። ይሄኛው ይሻል ነበር። ነገር ግን በአንድ ዙር የሚጭነው ጥቂት ሰው ስለነበር አላዋጣም። ከዚያ በኋላ ቀለበት የሚባል ነገር ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረሳ።

የተመለሰው ብረት ሲመጣ ነው። በ1959 ካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ ውስጥ ማተርሆርን የሚባለው ግልቢያ በክብ የብረት ቱቦ ሐዲድ ተሠራ። ቱቦ እንደፈለጉ ይታጠፋል፤ እንጨት እንዲህ አይታዘዝም። በ1975 እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ናትስ ቤሪ ፋርም ላይ እንደ ቡሽ መክፈቻ እየተጠማዘዘ ሰው የሚዘቀዝቅ ባቡር ተከፈተ። በ1976 ደግሞ በማጂክ ማውንቴን ፓርክ ሪቮሉሽን የሚባለው መጣ። ሠሪው ጀርመናዊው አንቶን ሽዋርዝኮፍ ነው። ሒሳቡን የሠራው ደግሞ ቨርነር ሽቴንግል የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ቀለበቱን ክብ አላደረገውም። የውኃ ጠብታ አስመሰለው፤ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠበብ ያለ።

የዚያን ቅርፅ ምስጢር እርስዎ በእጅዎ ያውቁታል። ሐረጎ ላይ መታጠፊያ ሲገቡ መሪውን በአንዴ ገጭ አድርገው አይጠመዝዙትም። ቀስ እያሉ፣ እያጠበቁ፣ እያጠበቁ ነው የሚሄዱት። መሪውን በእኩል ፍጥነት እያዞሩ፣ የመኪናውን ፍጥነት ሳይቀይሩ ቢነዱ፣ ጎማዎ መሬት ላይ የሚጽፈው መስመር ክሎቶይድ ይባላል። የባቡር ሐዲድ ቀያሾችም ቀጥታውን መንገድ ከመታጠፊያው ጋር የሚያገናኙት በእንዲህ ዓይነት መስመር ነው። ሽቴንግል ያንን መስመር ከመሬት አንሥቶ አቆመው። እኔ ይህን ስዕል መጀመሪያ ያየሁት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ያን ሌሊት እኔም እንደ ባለቤትዎ አልተኛሁም።

ጥቅሙን በቁጥር ይመልከቱት። ቁመቱ ያው 20 ሜትር ይሁን። ከታች ሰፋ አድርገን የቅስቱን ግማሽ ስፋት 20 ሜትር እናድርገው፣ ከላይ 6። ባቡሩ ያው በ80 ይግባ። ሥር ላይ የሚሰማት ክብደት ከስድስት እጥፍ ወደ ሦስት ተኩል ይወርዳል። ደግሞ በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይመጣል። አናት ላይ ደግሞ ወንበሩ በሰውነቷ ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይገፋታል። ተዘቅዝቃ ሳለች ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው። ኪሷ ውስጥ ያለ ሳንቲም ራሱ እዚያች ቅጽበት ላይ አይወድቅም።

ይህን ከምለው በላይ የሚያስረዳ ነገር አለ። ሪቮሉሽን ሲከፈት ተሳፋሪው ላይ የሚወርደው የጭን ብረት ብቻ ነበር። የትከሻ መያዣ አልነበረውም። በኋላ ተጨመረለት፣ ቆይቶ በ2016 ሲታደስ ወደ ጭን ብረቱ ተመለሰ።

ታዲያ ቀበቶው ለምንድን ነው? አሳንሼ እንዳልነግርዎ። አንዳንድ ሮለር ኮስተር ከቀለበቱ ሌላ ቀስ ብሎ የሚዘቀዝቅበት ቦታ አለው። እዚያ ላይ ሰውየው በእርግጥ መያዣው ላይ ይንጠለጠላል። ጉብታ ላይ ሲያልፍም ሰውነት ከወንበር ይነሣል፤ በፍጥነት ድልድይ ጫፍ ላይ ሲወጡ ሆድዎ ባር እንደሚለው። መያዣው ለዚያ ነው። መቆለፊያው ደግሞ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲይዝ ብዙውን ጊዜ ድርብ ነው። ለመቆለፍ መብራት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ለመክፈት ነው፤ መብራት ከሌለ ሠራተኛው በእጅ ይከፍተዋል።

ባቡሩስ ራሱ ከሐዲዱ ለምን አይወጣም? ጎማዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከቱቦው በላይ ይሄዳል፣ አንዱ በጎን፣ አንዱ ከሥር። ቱቦውን በሦስት ጣት እንደመጨበጥ ነው። የሥሩን ጎማ አሜሪካዊው ጆን ሚለር በ1919 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ብረት ብቻ አይደሉም፤ ላያቸው ላይ ፖሊዩረቴን የሚባል ጠንካራ ላስቲክ ነገር ተለብጧል። በዚያ አገር ሙቀት ቶሎ ይበላሉ። ጎማ ስቀይር፣ ኩሽኔታ ሳዳምጥ ነው ስድስት ዓመቴ ያለቀው።

አሁን ወደ መብራቱ።

መብራት ሲጠፋ የሚቆመው ሰንሰለቱ ነው። ዳገት ላይ ያለ ባቡር ባለበት ይቆማል። ወደ ኋላ ለምን አይንሸራተትም? ያ ኳ ኳ የሚለው ድምፅ ለዚህ ነው! ዳገት ላይ መኪና ሲቆም ረዳትዎ ዘሎ ወርዶ ታኮ ያስገባ የለ? ይህ ባቡር ሥሩ ላይ የብረት ምላስ አለው፤ ሐዲዱ መካከል ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ብረት ተዘርግቷል። ባቡሩ ሲወጣ ምላሷ ከጥርስ ጥርስ እየዘለለች ትወድቃለች። ኳ ባለ ቁጥር አንድ ታኮ ገባ። ሰንሰለቱ ቢበጠስ እንኳ ባቡሩ ከአንድ ጥርስ በላይ ወደ ኋላ አይሄድም።

አንድ ምሽት እኛ ጋ መብራት ሄደ። ባቡሩ ዳገቱን ከግማሽ በላይ ወጥቶ ነበር። ባትሪ ይዤ በጎኑ ባለው ደረጃ ወጣሁ። መያዣውን በየተራ በእጅ ከፍተን ሰዎቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመርን። መጨረሻ ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። አነጋገሯ የእኛ አገር መሰለኝ። «አብሽሪ» አልኳት። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ወሎዬ ነህ እንዴ?» አለችኝ። የሐይቅ ልጅ ናት። ጫማዋን ጣቢያ አስወልቀዋት ባዶ እግሯን ነበረች። ደረጃው ፍርግርግ ብረት ስለሆነ ይቆረቁራል። የጥገና ጓንቴን አውልቄ ሰጠኋት። እግሯ ላይ አጥልቃ፣ ፍርግርጉን ቁልቁል ላለማየት ትከሻዬን እያየች፣ አብረን ወረድን።

ዳገቱን ጨርሶ የተለቀቀ ባቡር ግን መብራት መጥፋቱን አያውቅም። ቀለበቱን ያልፋል፣ መንገዱን ይጨርሳል፣ መጨረሻ ላይ ፍሬኑ ያስቆመዋል። ያም ፍሬን መብራት አይጠይቅም። በአየር የሚሠራው ዓይነት ልክ እንደ ዛሬዎቹ ከባድ መኪናዎች የእጅ ፍሬን ነው፤ አየር ሲኖር ይለቃል፣ አየር ሲያልቅ ሞላው ይነክሳል። ሌላው ዓይነት ማግኔት ነው። ባቡሩ ሥር ያለ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዝርግ በማግኔቶች መካከል ሲያልፍ፣ ዝርጉ ውስጥ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ራሱ ባቡሩን ይገታዋል። ሳይነካካ! ደሴ ፒያሳ ካሉት ኮምፒውተር ጠጋኞች የአሮጌ ሃርድ ዲስክ ማግኔት ይለምኑ። ወፍራም የአሉሚኒየም ዝርግ አዘንብለው ማግኔቱን በላዩ ቁልቁል ይልቀቁት። አሉሚኒየም ማግኔት እንደማይይዝ ያውቃሉ። ማግኔቱ ግን ማር ላይ እንደተቀመጠ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ቀለበቱ መካከል ጉልበት ቢያጥረውስ? ያኔም ባቡሩ አብዛኛውን ጊዜ አናት ላይ አይንጠለጠልም። ተመልሶ ይወርዳል፣ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቅና ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይቆማል። በ2023 አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ በአንድ ባዛር ላይ ሰዎች ለሦስት ሰዓት ያህል ተዘቅዝቀው ቀርተዋል። ይህን አልደብቅዎትም። ያ ግን በጭነት መኪና ከቦታ ቦታ የሚዞር፣ አንድ ክብ ብቻ ያለው፣ ባቡሩን ሞተር የሚገፋው ማሽን ነበር። የልጅዎ ዓይነት በራሱ ክብደት ነው የሚሄደው።

እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔ የምፈራው ቀለበቱን አይደለም። የምፈራው ሰው ነው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ባቡር ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ አያስገባም። አንድ መኪና ብቻ እንደሚያሳልፍ ድልድይ ማለት ነው። በሰኔ 2015 እንግሊዝ አገር፣ አልተን ታወርስ ፓርክ ውስጥ፣ 14 ጊዜ የሚዘቀዝቀው ስማይለር ላይ አንድ ባዶ ባቡር መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ኮምፒውተሩ ልክ ነበር፤ ተከታዩን አስቆመው። ሠራተኞቹ ግን የቆመውን ባቡር አላዩትምና ኮምፒውተሩ የተሳሳተ መስሏቸው ትዕዛዙን ሻሩት። 16 ሰው የጫነው ባቡር ሄዶ ከባዶው ጋር ተላተመ። ሁለት ወጣት ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ እግራቸውን አጡ። ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት 5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ይህን ታሪክ አብረውኝ ለሚሠሩ ልጆች ሁሉ፣ ሥራ በጀመሩ በመጀመሪያው ቀን እነግራቸው ነበር።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ፓርኩ ሳይከፈት፣ ሐዲዱን በእግራችን እንወጣለን። ዳዶ ሲጠብቅ ከዳዶው ወደ ብረቱ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ይሰመርበታል። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል። አንድ ቀን አንዱ መስመር የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ተንሸራትቶ አየሁት። ባቡሩ ለግማሽ ቀን ተዘጋ። ቢሮ ያለው አለቃ በገቢው አኮረፈ፤ ተቃቅረን ዋልን። ብዙ ቡሎን ካለበት ቦታ አንዱ ነው፣ አዎ። እርስዎ አንድ የጎማ ዳዶ ላልቶ ባቲን ለቀው ሚሌ ይወርዱ ነበር?

ልጅዎ ደግማ መውጣቷ አይቀርም። እንዲህ ይበሏት። ሠራተኛው የእያንዳንዱን ሰው መያዣ በእጁ ገፍቶ ማየቱን ትመልከት። ካላየ አትውጣ። መያዣው ሲወርድ ሆዷን ነፍታ ክፍተት አታብጅ። ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ ደግፋ ትቀመጥ፤ አንገት የሚታመመው ወደ ፊት አጎንብሶ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሻርፕና ሒጃቧን ልብሷ ውስጥ ታስገባው። ስልክ ይዛ አትቅረፅ፤ ጓደኛዋ ከታች ትቅረፃት። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ወገቡን የሚያመው ሰው አይውጣ። ጋሼ፣ እርስዎንም አልፈቅድልዎትም። የአሰብ መንገድ ወገብዎን ምን እንዳደረገው ሳልጠይቅ አውቃለሁ።

ዛሬ ማታ ቪዲዮውን ለባለቤትዎ ደግመው ይክፈቱላት። ድምፁን ከፍ ያድርጉት። ዳገቱን ሲወጣ ኳ ባለ ቁጥር «ታኮ ገባ» ይበሏት።